«ይህን ሥልጣን ማን ሰጠው?»፦ ፐብሊክ ሎው ለሚማሩ የሕግ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

የሕገ መንግሥት ኮርስ የመጀመሪያ ፈተናዬ ሲመለስልኝ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ነገር አራት ቦታ ተጽፎበት ነበር። «አንቀጹ የታለ?» ይላል። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ሥልጣን ክፍፍልና ስለ ሕግ የበላይነት አውርጄዋለሁ። የጻፍኩት ስህተት አልነበረም። ግን ሁሉም ከሃንድአውት የሸመደድኩት ነው። ሕገ መንግሥቱን ራሱን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላነበብኩትም።

በኋላ ታናናሾቼን ሳስጠና ያው ነገር በየዓመቱ ሲደገም አየሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ላይብረሪ ያመሻል፣ ውጤቱ ግን አይመጣም። ድካም አንሶት አይደለም። የያዘበት መንገድ ነው። ስለዚህ ይሄን መመሪያ ያኔ ለእኔ ቢነገረኝ በምመኘው ቅደም ተከተል ጻፍኩት። የተጻፈው ኢትዮጵያ ውስጥ ሕግ በዲግሪ ለሚማሩ ነው። ፐብሊክ ሎው ስል የመንግሥትን ሥልጣንና መንግሥት ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመለከተውን ሕግ ማለቴ ነው።

1. ምን እየተማራችሁ እንደሆነ ለዩ

የመጀመሪያ ዲግሪያችን አምስት ዓመት ነው። አንደኛው ዓመት በፍሬሽማን ኮርሶች ያልፋል። በዲግሪ ደረጃ «የፐብሊክ ሎው ተማሪ» የሚባል ነገር የለም፤ ሁላችንም ውሉንም፣ ቤተሰቡንም፣ ወንጀሉንም፣ ሕገ መንግሥቱንም እንማራለን። መለያየቱ የሚመጣው ማስተርስ ላይ ነው። ስለዚህ ፐብሊክ ሎው ለእናንተ በየሴሚስተሩ ተበታትኖ የሚመጣ የኮርስ ቤተሰብ ነው። የሕገ መንግሥት ሕግ፣ የአስተዳደር ሕግ፣ የሰብአዊ መብት ሕግ፣ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ የግብር ሕግ፣ የመሬት ሕግ እያለ ይቀጥላል። ወንጀልም ከመንግሥት የመቅጣት ሥልጣን ጋር ስለሚያያዝ እዚሁ ይመደባል።

ችግሩ መበታተኑ ነው። ተማሪው አንዱን ኮርስ ተፈትኖ ሲወጣ ይረሳውና ሌላውን ከዜሮ ይጀምራል። እኔን ከዚህ ያወጣኝ ሦስት ጥያቄ ነው። ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት፦

ይህን ሥልጣን ማን ሰጠው? ወሰኑ የት ድረስ ነው? ወሰኑን ካለፈ አቤት የሚባለው የት ነው?

ደንብ አስከባሪ የጎዳና ነጋዴ ዕቃ ሲወስድ፣ የገቢዎች ኦዲተር ሱቅ ገብቶ ደረሰኝ ሲጠይቅ፣ ፓርላማው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያጸድቅ፣ ክፍለ ከተማ ቦታ ለልማት ሲያስነሳ፣ ጥያቄው ያው ሦስቱ ነው። ኮርሱ ይቀየራል፣ ጥያቄው አይቀየርም። ከሰፈራችሁ ታክሲ ተራ ጀምራችሁ ብትለማመዱት ሁለተኛ ወር ላይ ዓይናችሁ ራሱ መለየት ይጀምራል።

አንድ ማሳሰቢያ። በፐብሊክ ሎውና በግል ሕግ መካከል ያለው አጥር ያን ያህል የጠበቀ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባው የአስተዳደር ውል የሚገኘው የት ይመስላችኋል? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ፣ ከአንቀጽ 3131 እስከ 3306። የውል ሕግ ስትማሩ ይህን ክፍል እየዘለላችሁ እንዳታልፉት።

2. ሕገ መንግሥቱን ሦስት ጊዜ አንብቡ

106 አንቀጽ፣ 11 ምዕራፍ ነው። ትንሽ መጽሐፍ ናት። የታተመውን ግዙ፣ ስልክ ላይ ያለው ሶፍት ኮፒ ለፍለጋ እንጂ ለንባብ አይሆንም።

የመጀመሪያው ንባብ ያለ እስክሪብቶ ነው። በሦስት ምሽት ከመግቢያው እስከ አንቀጽ 106 ውጡት። ያልገባችሁን አልፉ። ዓላማው የቤቱን ክፍሎች ማወቅ ብቻ ነው። መብቶች ምዕራፍ ሦስት ውስጥ፣ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 እንዳሉ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን አንቀጽ 51፣ የክልሎች ደግሞ 52 ላይ እንደተቀመጠ፣ አስቸኳይ ጊዜ 93 ላይ፣ ማሻሻያ 104 እና 105 ላይ እንደሆነ በእጃችሁ ሳትፈልጉ ማግኘት አለባችሁ።

ሁለተኛው ንባብ በሦስቱ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱን አንቀጽ ስታነቡ ሥልጣን የሚሰጥ ነው? የሚገድብ ነው? ወይስ አቤቱታ የሚሰማ አካል የሚያቋቁም? በሦስት ቀለም አስምሩ። ስትጨርሱ አንድ ነገር ዓይናችሁ ውስጥ ይገባል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም የመጨረሻ ሥልጣን የፍርድ ቤት አይደለም። አንቀጽ 62 እና 83 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው የሰጡት። በአንቀጽ 82 የተቋቋመው የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ 11 አባላት አሉት፤ መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ የሚወስነው ግን ምክር ቤቱ ነው።

ይሄን ቀድማችሁ ካልያዛችሁ የውጭ መጽሐፍ ያሳስታችኋል። ላይብረሪ ውስጥ የምታገኙት አብዛኛው ማጣቀሻ የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕግ ሲሽር ታነቡና የእኛም እንደዚያ ይመስላችኋል። የውጭውን አንብቡ፣ ማወዳደር ይጠቅማል። ግን የራሳችንን ጽሑፍ መጀመሪያ።

ሦስተኛው ንባብ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ይበልጣል። አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ቅጂ ነው ይላል። እኛ ግን ክፍል ውስጥ የምንማረውም የምንፈተነውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛውን ሳናይ እንመረቃለን።

ለምሳሌ አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 2ን ውሰዱ። አጣሪ ጉባኤው የትኞቹን ሕጎች ይመረምራል የሚለው ላይ ነው። እንግሊዝኛው የፌዴራል ወይም የክልል ሕግ ብሎ በደፈናው ያልፈዋል። አማርኛው ግን «ሕግ አውጪ አካላት» የሚያወጧቸውን ሕጎች ነው የሚለው። ሕግ አውጪ ካልን ፓርላማው ነው፤ የሚያወጣው ደግሞ አዋጅ ነው። እንግዲያስ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብና የመሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሕገ መንግሥቱን ሲጥሱ ፍርድ ቤት ማየት ይችላል ማለት ነው? እንደዚያ ብለው የሚከራከሩ ምሁራን አሉ። በሌላ በኩል የአጣሪ ጉባኤው አዋጅ ቁጥር 798/2005 «ሕግ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ደንብና መመሪያንም አስገብቷል። አያችሁ፣ ከሁለት ቃል ልዩነት የሙሉ ሴሚስተር ክርክር ወጣ። አማርኛውን ያልከፈተ ተማሪ ይህ ክርክር መኖሩን እንኳ አያውቅም።

አንቀጽ 47ንም በዚሁ ንባብ ላይ እዩት። ዘጠኝ ክልሎችን በስም ይዘረዝራል። ዛሬ ያሉን ግን 12 ናቸው። ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የመጡት ጽሑፉ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ የቀድሞው ደቡብ ክልል ደግሞ የለም። መንገዱን ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ታገኙታላችሁ፤ የምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ፣ ወዘተ። «ታዲያ አንቀጽ 47(1) ሳይሻሻል እንዴት?» ብላችሁ ክፍል ውስጥ ጠይቁ። መምህራችሁ ደስ ይለዋል።

የክልላችሁን ሕገ መንግሥትም አትርሱ። እያንዳንዱ ክልል የራሱ አለው። ስንቱ ተማሪ አንድም ጊዜ ሳያየው ይመረቃል።

3. የሕጉን መሰላል ከነጋሪት ጋዜጣ ተማሩ

ሕገ መንግሥት፣ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ። ይሄን ቅደም ተከተል ማንም ይደረድረዋል። ነገሩ ያለው አንዱ ከሌላው ሥልጣን እንዴት እንደሚወስድ ማየቱ ላይ ነው።

ማንኛውንም የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አውርዱ። ገጹ ለሁለት ተከፍሏል፣ ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ። መግቢያው ሲያልቅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት የሚከተለው ታውጇል የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ብዙዎቻችን እንደ ሥርዓተ ጽሑፍ እናልፈዋለን። እሱ ግን «ይህን ሥልጣን ማን ሰጠው?» ለሚለው ጥያቄ ፓርላማው የሰጠው መልስ ነው።

ከዚያ ቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሂዱ። ደንብና መመሪያ የማውጣት ሥልጣን የሚል አንቀጽ አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ መመሪያ ሊያወጣ እንደሚችል የሚፈቅደው እዚያ ነው። ቀጥሎ የተሻሩ ሕጎች፣ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ፣ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ ይመጣል። አዲስ አዋጅ ሲደርሳችሁ ንባቡን ከመግቢያው፣ ከትርጓሜውና ከእነዚህ የመጨረሻ አንቀጾች ጀምሩ። መሃሉ ከዚያ በኋላ በጣም ይቀላል።

ስለ ቁጥሩም ልንገራችሁ፣ እኔ ራሴ ተሳስቼበታለሁ። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 በእንግሊዝኛው 1183/2020 ነው። ሁለት አዋጅ አይደለም፣ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ማስታወሻችሁ ላይ በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ።

ይህን አዋጅ ያነሳሁት በምክንያት ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ይባላል። ከእሱ በፊት የአስተዳደር ሕግን ስንማር መርሆውን እንሸመድድና «በኢትዮጵያ ግን ጠቅላላ ሕግ የለም» ብለን እንጨርስ ነበር። አሁን አለ። መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ማድረግ አለበት። መመሪያው ተመዝግቦ ቁጥር ማግኘትና በድረ ገጽ መውጣት አለበት። ሰውን የሚነካ ውሳኔ ሲሰጥ ሰውየውን መስማትና ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ቅር የተሰኘ ሰው ደግሞ መጀመሪያ እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቅሬታውን ያሰማል፣ ካልረካ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ይላል። የድሮ ሃንድአውት በቴሌግራም እየተቀባበላችሁ የምታጠኑ ከሆነ ከ2012 በፊት የተጻፈ መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በፊት የተጻፈ ከሆነ ግማሹ ነገር ተቀይሯል።

4. ውሳኔ ማንበብ ልመዱ

የእኛ ተማሪ አዋጅ ያነባል፣ ውሳኔ ግን አይነካም። «ሕጋችን ኮድ ነው፣ ፍርድ ለኮመን ሎው አገር ነው» የሚል አባባል ሰፍኗል፤ ኮመን ሎው ቀድሞ የተሰጠ ፍርድ እንደ ሕግ የሚያገለግልበት ሥርዓት ነው። ይሄ እውነት የነበረው ድሮ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የሰበር ሰሚ ችሎት (መሠረታዊ የሕግ ስህተትን የሚያርመው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት) የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለ ፍርድ ቤትን ያስገድዳል። አሁን ያለው አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህን አስቀጥሏል። የሰበር ውሳኔዎች በቅጽ በቅጽ ታትመዋል። የፌዴሬሽን ምክር ቤትም ውሳኔዎቹን በመጽሔት አውጥቷል።

አንድ ውሳኔ ስታነቡ አምስት ነገር በግማሽ ገጽ አውጡ። ፍሬ ነገሩ ምንድን ነው? የሕጉ ጥያቄ ምንድን ነው? የትኛው አንቀጽ ተጠቀሰ? ምን ተወሰነ? በምን ምክንያት? ከግማሽ ገጽ ከበለጠ ገልብጣችኋል ማለት ነው።

በአንድ ምሳሌ እንሥራው። አዲስ አበባ ውስጥ የውርስ ክርክር ተነሳ። አንዱ ወገን ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወሰደው። ሌላው ወገን «እኔ እዚህ ለመዳኘት አልፈቀድኩም» አለ። ፍርድ ቤቱ ተቃውሞውን አልፎ ቀጠለ። ክርክሩ በየደረጃው አልፎ ሰበር ድረስ ደረሰ። በመጨረሻ በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ዘንድ ቀረበ።

ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው። ጥያቄው፣ ያለ ፈቃድ በሃይማኖት ፍርድ ቤት መዳኘት ሕገ መንግሥታዊ ነው ወይ የሚል ነው። አንቀጹ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ የሚችለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ይላል። ምክር ቤቱ ያለ ፈቃድ የተሰጡትን ውሳኔዎች ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ፣ ለእነዚህ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የሚሰጣቸው ፈቃዱ ራሱ ስለሆነ ነው። ተመልከቱ፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችን እዚህም መጣ።

ሌላ የምወደው ውሳኔ አለ። እናቱ ሞታ በአክስቱ እጅ ያደገ ልጅ ነው። አባት ከዓመታት በኋላ መጥቶ ልጄን ስጡኝ አለ። የሥር ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ሕጉን አይተው ለአባት ፈረዱ። ሰበር ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና ኢትዮጵያ የተቀበለችውን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንስቶ፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ለልጁ ጥቅም ነው ብሎ ሻረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሕገ መንግሥት ማለት የምክር ቤትና የምርጫ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ሕፃን የት ይደር የሚለውንም ይወስናል። አንቀጽ 9(4) እና 13(2) ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚሉት የወረቀት ጌጥ እንዳልሆነም የገባኝ ያኔ ነው።

ለትልልቅ ክርክሮች ደግሞ የ2012ቱን የምርጫ ጉዳይ ፈልጉ። ኮሮና ሲገባ ምርጫው በጊዜው ሊካሄድ አልቻለም። የፓርላማው የአምስት ዓመት ዘመን ግን ሊያልቅ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ግልጽ መልስ የለውም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንቀጽ 54(1)፣ 58(3) እና 93 እንዲተረጎሙለት ጠየቀ። አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን ፊት በቀጥታ ሰማ። ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን 2012 ወሰነ፤ ወረርሽኙ ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ምርጫው እንዲካሄድ። በዚያ ውሳኔ የተስማማም ያልተስማማም አለ። እናንተ ግን ሁለት ዓምድ ሠርታችሁ የሁለቱንም ወገን ጠንካራ ክርክር ጻፉ። የምትቃወሙትን ወገን ክርክር ባለቤቱ አይቶ «አዎ፣ ይሄ ነው የምለው» እስኪል ድረስ አሳምሩት። ይህን ማድረግ የቻለ ተማሪ ፈተና አይፈራም።

5. ክፍል ውስጥና ዶርም ውስጥ

የሳምንት አያያዜ ይህን ይመስል ነበር። ከክፍል በፊት አንቀጾቹን ብቻ አነባለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከክፍል በኋላ በዚያው ቀን ኖቴን በራሴ ቃል በአማርኛ አንድ ገጽ አድርጌ እጽፋለሁ። አዎ፣ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ የተማርኩትን በአማርኛ ማስረዳት ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው። ችሎት ስትቆሙ ቋንቋው አማርኛ ወይም የክልላችሁ የሥራ ቋንቋ ነው። ኦሮሚያ የምትሠሩ በአፋን ኦሮሞ፣ ትግራይ የምትሠሩ በትግርኛ ልመዱት። የቃላት ደብተር ያዙ። «ሰበር»፣ «ይግባኝ»፣ «አቤቱታ»፣ «የይርጋ ጊዜ»፣ «ውክልና»፣ «ክስ የማቅረብ መብት» የሚሉትን ከእንግሊዝኛው አቻቸው ጋር አጣምሩ።

የጥናት ቡድን ከአራት ሰው አይብለጥ። ሥራውም አብሮ ማንበብ አይደለም፤ አንብቦ መጥቶ መከራከር ነው። ሳንቲም ወርውሩ፣ የወጣላችሁን ወገን ያዙ።

እዚህ ላይ ከልቤ የምለው አለ። የእኛ ፐብሊክ ሎው የሚያም ነገር ውስጥ ይገባል። አንቀጽ 39 (የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት)፣ አንቀጽ 8 (የሉዓላዊነት ባለቤትነት)፣ የክልል ወሰን፣ የአስቸኳይ ጊዜ። ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ቤተሰቡ በዚያ ጉዳይ የተጎዳ ሊሆን ይችላል። ክርክሩ ከጽሑፉ ሳይወጣ ይቀጥል። «አንቀጹ ምን ይላል? ምን ተብሎ ሊተረጎም ይችላል? ጉባኤው ሲያጸድቀው ምን ተባለ?» የሕገ መንግሥት ጉባኤው ቃለ ጉባኤ አለ፤ ፈልጋችሁ አንብቡት። ስለ ሰው ብሔር ሳይሆን ስለ አንቀጽ ስትከራከሩ ጓደኝነታችሁም ይተርፋል።

6. ፈተና ላይ መልስ አጻጻፍ

የፐብሊክ ሎው ፈተና አብዛኛውን ጊዜ የተፈጠረ ታሪክ ይሰጣችሁና «መክሩ» ይላል። ተማሪዎች አይራክ የምንለው መንገድ አለ፦ ጉዳይ፣ ሕግ፣ ትንተና፣ መደምደሚያ። እንሞክረው።

አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የአንድ አስመጪ ፈቃድ ሰረዘ እንበል። በደብዳቤው ላይ ያለው «በመመሪያው መሠረት ተሰርዟል» ብቻ ነው። አስመጪዋ መመሪያውን በድረ ገጹ ብትፈልግ የለም። ማንም ጠርቶ አላናገራትም።

ደካማ መልስ «ይህ የሕግ የበላይነትን ይጥሳል» ብሎ ይጀምራል። ጥሩ መልስ እንዲህ ይሄዳል። አንደኛ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የመሰረዝ ሥልጣን የሰጠው የትኛው አዋጅ ነው? መመሪያ የማውጣት ውክልናስ አለው? ሁለተኛ፣ መመሪያው በአዋጅ 1183/2012 መሠረት ተመዝግቦ ይፋ ሆኗል? ካልሆነ ማስፈጸም ይችላል? ሦስተኛ፣ ውሳኔው ሲሰጥ አስመጪዋ ተሰምታለች? ምክንያቱ በጽሑፍ ተገልጿል? አራተኛ፣ ወዴት ትሂድ? የውስጥ ቅሬታ ማሰሚያውን ጨርሳለች? ከዚያ በኋላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት። ፍትሕ የማግኘት መብት የሚለውን አንቀጽ 37ንም ጥቀሱ።

ከዚያ አንድ አንቀጽ ለመሥሪያ ቤቱ ስጡት። ምናልባት አስቸኳይ የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነበረ? ምናልባት ሥልጣኑ በአዋጁ ላይ ቀጥታ ተሰጥቶት መመሪያ አያስፈልገውም? ብዙ ነጥብ የሚገኘው እዚህ ነው፣ ብዙ ተማሪ የሚተወውም ይሄንኑ ነው። መደምደሚያው ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ሰዓት አከፋፈል ላይ አንድ ምክር፦ ከመጻፋችሁ በፊት የሰዓቱን አንድ ስድስተኛ ለማሰብና ለመደርደር ስጡት። ጎናችሁ ያለው ልጅ ሁለተኛ ገጽ ሲገለብጥ አትደንግጡ።

7. ከግቢ ውጡ

ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው። በሴሚስተር ሁለት ቀን ሄዳችሁ ተቀመጡ። ስልክ አጥፉ፣ ደብተር ያዙ። የግብርና የአስተዳደር ጉዳይ የሚታይበትን ችሎት ሬጅስትራር ጠይቃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ።

ብዙ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግቡ። እዚያ የሚመጣው ሰው «የአስተዳደር ሕግ ችግር አለብኝ» አይልም። «ቀበሌ ወረቀቴን ከለከለኝ» ይላል። ከዚያ ውስጥ የሕጉን ጥያቄ ማውጣት የእናንተ ሥራ ነው። ክፍል ውስጥ ይሄን የሚያስተምር የለም። ሰውየውን ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚወጣው «በነገራችን ላይ» ሲል ነው።

ሙት ኮርትም (የልምምድ ችሎት ውድድር) ሞክሩ። ከዓለም አቀፎቹ ጄሰፕ አለ። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብት ማዕከል የሚያዘጋጀው የአፍሪካ የሰብአዊ መብት ሙት ኮርትም አለ። ባትመረጡ እንኳ ለውድድሩ የተዘጋጀውን ጥያቄ ወስዳችሁ ጻፉበት። ኤክስተርንሺፕ (ከግቢ ውጭ የሚደረገው የተግባር ልምምድ) ሲመጣ ደግሞ ፊርማ ለመሰብሰብ አትሂዱ። አንድ መዝገብ ከመከፈቱ እስከ ውሳኔው ተከታተሉ።

8. መመረቂያ ጽሑፍና መውጫ ፈተና

ጽሑፉ ላይ አጭር ልሁን። «ፌዴራሊዝም በኢትዮጵያ» ርዕስ አይደለም፣ አህጉር ነው። አንድ አንቀጽ፣ አንድ ተቋም፣ የተወሰነ ጊዜ ያዙ። ለምሳሌ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከ2012 ወዲህ ያወጣቸውን መመሪያዎች ዘርዝሩና ስንቱ በድረ ገጹ ላይ እንዳለ፣ በስንቱ ላይ አስተያየት እንደተሰበሰበ እዩ። ለዚህ ኢንተርኔትና ትዕግሥት ይበቃል፤ የምታገኙትም የራሳችሁ ግኝት ነው። ርዕሱን አራተኛ ዓመት ክረምት ላይ ቁረጡ። አምስተኛ ዓመት ላይ ጊዜ የለም።

የመውጫ ፈተና የሕግ ተማሪ ከሌሎቹ ቀድሞ የለመደው ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ጥያቄው ከሁሉም ዓመት ስለሚመጣ በየኮርሱ የጻፋችኋቸው ባለ አንድ ገጽ ማስታወሻዎችና ባለ ግማሽ ገጽ የውሳኔ ማጠቃለያዎች ያን ጊዜ ይጠቅሟችኋል። ከሦስት ወር በፊት ጀምሩ። መጀመሪያ የደከማችሁበትን ኮርስ እንጂ የምትወዱትን አይደለም። እኔ የምወደውን አስቀድሜ፣ ለወንጀል ሥነ ሥርዓት የቀረኝ አራት ቀን ነበር።

ከዚያ ወዴት? ፐብሊክ ሎው የያዘ ሰው ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ፣ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት የሕግ ባለሙያ፣ በሰብአዊ መብት ኮሚሽን ወይም በዕንባ ጠባቂ ተቋም መርማሪ፣ በምክር ቤቶች ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይሆናል። ጥብቅና የምታስቡ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1249/2013ን አሁኑኑ አውርዱና የፈቃድ መስፈርቱን አንብቡ። መግቢያውን፣ ትርጓሜውንና የመጨረሻ አንቀጾቹን መጀመሪያ።